የዕለት ሥዕላችን

በየቀኑ የሚሠራ ነገር በእኛ ዘንድ ክብር የለውም። እንጀራ በየቀኑ ይበላል፤ ጋጋሪዋን ግን «አርቲስት» ብሎ የጠራት የለም። አርቲስት ለመባል ብዙ መጥፋት፣ አልፎ አልፎ ብቅ ማለት፣ በመሀሉም ጸጉር ማሳደግ ያስፈልጋል። ሠዓሊ ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ሰው አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ሲጋራውን ለኩሶ፣ ስሜት እስኪመጣለት የሚጠብቅ ነው። ስሜቱ ሲመጣ ሸራ የለም፤ ሸራው ሲገኝ ስሜቱ ሄዷል። ሁለቱ አንድ ቀን ከተገናኙ ድንቅ ሥራ ይወለዳል። ካልተገናኙም ግድ የለም፣ ሻርፑ አለ።

እኔ ሻርፕ የለኝም። ቢሮ ገብቼ የምወጣ፣ ቤተሰብ የማስተዳድር፣ ጸጉሬም ማደጉን ትቶ ማፈግፈግ የጀመረ ሰው ነኝ። ግን በየቀኑ እሥላለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ ከፖስታ ካርድ ብዙም የማትበልጥ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ለሥራ እስክለባብስ ድረስ ያለችውን ግማሽ ሰዓት በቀለም አሳልፋታለሁ። ካርቶኑን የሚሰጠኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ከሥዕሎቼ ጀርባ የብስኩት ማስታወቂያ አለ፤ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትም አለ፤ ሥዕሉን በየት በኩል መስቀል እንዳለበት ግራ ለሚገባው እንግዳ ጠቅሟል። የምሥላቸው ነገሮች ከዓለም ታላላቅ ጉዳዮች የሚመደቡ አይደሉም፦ ሁለት ሎሚ፣ የልጄ ጫማ፣ የታጠፈ ጋቢ፣ ጀበና።

«ይኼ ምን ይሠራልሃል?» ይሉኛል። ይሸጣል እንዳልል አይሸጥም። ኤግዚቢሽን አወጣለሁ እንዳልል አላወጣም። ጠያቂዎቼ ደግሞ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ለጤናዬ ነው የሚያስቡት። «ጭንቀት ካለብህ ለምን ዱብ ዱብ አትልም?» ያለኝ ባልደረባ አለ።

ልማዱ የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ ላስረዳ። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የታላቁ እስክንድር ሠዓሊ የነበረው አፔሌስ የቱንም ያህል ጉዳይ ቢደራረብበት ቢያንስ አንድ መስመር ሳያሰምር የሚያልፈው ቀን አልነበረም። አንድ መስመር ነው የተባለው። «በየቀኑ አንድ ድንቅ ሥራ» አልተባለም። ከዚያ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ፣ ዱዌን ካይዘር የተባለ የአሜሪካዋ ቨርጂንያ ሠዓሊ በቀን አንዲት የፖስታ ካርድ የምታህል ሥዕል እየሠራ በኢንተርኔት ለገዢ ማቅረብ ጀመረ። ብዙ ሠዓሊዎች ተከተሉት። ሰዎቹ በየማለዳው የሚያፈጡት የቁርስ ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ነገር ላይ ነው። እንቁላል ጠብሰው ከመብላታቸው በፊት ይሥሉታል። በርዶ ይበሉታል።

በሥርዓት ጥብቅነት ግን ኦን ካዋራን የሚያህል አልተገኘም። ይህ ኒውዮርክ ይኖር የነበረ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 4 ቀን 1966 ጀምሮ፣ ማለትም ከእኛው ታኅሣሥ 26 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በአንድ ወጥ ቀለም በተቀባ ሸራ ላይ የዕለቱን ቀን በነጭ ይጽፍ ነበር። ቀኑን ብቻ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ካልጨረሰ ሥዕሉን ያጠፋዋል። እንዲህ ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪያርፍ ድረስ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሸራዎች ሠርቷል። የሚጽፈው ባለበት አገር ቋንቋ ነው፤ የአገሩ ፊደል ከላቲን የተለየ ከሆነ ግን ኤስፔራንቶ ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ይዞራል።

አዲስ አበባ ላይ ቢሠራ ኖሮ ምን ይገጥመው እንደነበር ሳስብ እዝናናለሁ። በመጀመሪያ፣ የራሳችን ፊደል እያለ በኤስፔራንቶ ልጻፍ ቢል የሚወርድበትን ተግሣጽ አስቡት። ቀጥሎ ጳጉሜ አለችለት፤ ደመወዝ የማይታሰብባት፣ ለሠዓሊ ግን አምስት ሸራ የምታስወጣ ወር። የሚጠቅመው ሰዓታችን ነው። እሱ ቀኑ አለቀ ብሎ ብሩሹን በሚጥልበት ደቂቃ በእኛ አቆጣጠር ገና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ንጋት 12 ሰዓት እስኪሆን ድረስ «ሌሊቱ መቼ አለቀና!» ብሎ መከራከር ይቻላል። ሊጠፉ የተፈረደባቸውን ሸራዎች እናተርፍለት ነበር።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ሥዕል ምን ይሆናል? አሁን ጋጋሪዋን ወደ ጠረጴዛው ልጥራት። ምጣድ ሲጣድ የመጀመሪያዋ እንጀራ ማሟሻ ናት። አንዱ ጎኗ ያርራል፣ አንዱ ጎኗ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ስትነሣም ትቀደዳለች። ጋጋሪዋ ግን አታለቅስም። «ለካ ተሰጥኦ የለኝም» ብላ ሊጡን አትደፋም። ማሟሻዋን አጠገቧ ለቆመ ልጅ ታቀብልና ሁለተኛዋን ታሰፋለች። ማሟሻ የተጋገረችው መሶብ ልትገባ አይደለም፤ ምጣዱ እንዲግል ነው። እንጀራ ዓይናማ የሚሆነው ምጣዱ ሲግል ነውና። የዕለት ሥዕል እንዲሁ ማሟሻ ነው፤ ምጣዱ ደግሞ ሠዓሊው ራሱ። ሥዕሏ ልትቀደድ ትችላለች፤ ሙቀቱ ግን ለነገ ይቀመጣል።

ይህን የተረዳ ሰው አንድ ትልቅ ነጻነት ያገኛል። በዓመት አንድ ሥዕል የሚሠራ ሰው ያቺን አንዲት ሥዕል ማበላሸት አይችልም። ሸራውን የገዛው በስንት ብር ነው፣ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል፣ ግድግዳውም ላይ ምስማሩ ተመትቶ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያውቀውን ብቻ ይደግማል፤ ጎጆ፣ ከጎጆው ጀርባ ፀሐይ፣ ከፀሐይዋ በታች እንስራ ያዘለች ልጃገረድ። ነገ ሌላ ካርቶን ያለው ሰው ግን ዛሬን ማበላሸት ይችላል። ማበላሸት የሚችል ሰው ይሞክራል። የሚሞክር ሰው ደግሞ፣ ሳያስበው፣ አንድ ቀን የማያውቀውን ነገር ሠርቶ ያገኘዋል።

ጀበናን እንውሰድ። ጀበና ጥቁር ነው ብለን ሁላችንም እንምላለን። ጀማሪ ሠዓሊ ጥቁር ቀለም ከቱቦ ጨምቆ ይለቀልቀዋል፤ ካርቶኑ ላይ የሚቀረው ጀበና ሳይሆን ጀበና የነበረበት ቀዳዳ ነው። በየቀኑ ሲያዩት ግን ጥቁርነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በመስኮቱ በኩል ያለው ትከሻው የሰማዩን ሰማያዊ ወስዷል። በከሰሉ በኩል ያለው ሆዱ ቀልቷል። አንገቱ ላይ የቡና አፈር ደርቆ ቡናማ መስመር ሠርቷል። ጥቁር ሊባል የሚገባው እጀታው ሥር ያለችው ስንጥር ጥላ ብቻ ናት። እሷንም ቢሆን ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር ይልቅ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀላቅሎ መሥራት ይሻላል። ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል፤ ከቱቦ የወጣው ጥቁር ግን ምንም ቢያደርጉት እንዳኮረፈ ነው።

ጀበና በሞዴልነቱ እንከን የለውም። አይነቃነቅም፣ አያወራም፣ «አስመሰልከኝ?» ብሎ አያጮልቅም። ችግሩ ሌላ ሥራ አለው። የአንገቱን ጥላ ስጀምር ከኩሽና በኩል አንድ እጅ ይዘረጋና ያነሣዋል።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም!»

«ሥዕሉ ይቆይ፣ ቡናው አይቆይም» ትላለች ባለቤቴ።

ሁለተኛ ጀበና ገዛሁ። ለሥዕል ብቻ የተመደበ፣ እሳት የማያውቅ። እንግዳ በበዛበት የመጀመሪያው እሑድ ሁለቱም ተጠሩ። ከዚያ ወዲህ በፍጥነት መሣልና ያላለቀውን ከትዝታ መጨረስ ለምጃለሁ። የሥዕል መምህራን የማስታወስ ልምምድ ይሉታል፤ እኔ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል።

ነጭን የሚያስተምረው ጋቢ ነው። ጋቢ ነጭ ነው ብለው ነጭ ቀለም ለሚያዘጋጁ ሰዎች አዝናለሁ፤ ነጩ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ፣ ያውም በብሩሽ ጫፍ ነው። ብርሃን ያረፈበት እጥፋት ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጥላ የገባው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ቀይ ምንጣፍ አጠገብ የወደቀው ጫፍ ደግሞ ከምንጣፉ ቅላት ይበደራል። ይህን ለማየት ባለሙያዎች የሚመክሩት ዓይንን ጠበብ አድርጎ መመልከትን ነው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይቀራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። በአደባባይ ሲተገበር ግን መዘዝ አለው። ዓይኑን አጥብቦ፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው ወይ መነጽር ያስፈልገዋል ወይ ጠብ ይፈልጋል። ሕፃን ታቅፋ የምታልፍ እናት ነጠላዋን ልጇ ፊት ላይ ጣል ስታደርግ አይቻለሁ።

የዕለት ሠዓሊ ዋና ጠላቱ ስንፍና ነው ይባላል። ይህን ያሉት ሰዎች ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አልኖሩም። ውሃ የሚመጣው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ሎሚዬ ላይ ትክክለኛው ብርሃን ባረፈበት ቅጽበት ነው። «ውሃ መጣ!» የሚለው ጩኸት ሲሰማ ግቢው በሙሉ ይነሣል፤ በርሜል፣ ጄሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ይሰለፋል። የብሩሽ ማጠቢያ ጣሳዬ ሳይቀር ከጠረጴዛዬ ተነሥታ፣ ታጥባ፣ በንጹሕ ውሃ ተሞልታ፣ ክዳን ተደርጎላት ከድስቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ማታ ላካክስ ስል መብራት ይሄዳል። በሻማ መሣል በሩቁ ሲያስቡት ውብ ነው፤ ነገር ግን የሻማ ብርሃን ራሱ ቢጫ ስለሆነ ቢጫና ነጭ አይለዩበትም። ማታ በሻማ ለስለስ ያለ ሎሚ ሠርቶ የተኛ ሰው፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚያገኘው መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰደርያ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የውሃ ቀለም አልደርቅ ይላል፤ ካርቶኑም ይጣመማል።

መፍትሔው ኪስ ውስጥ የምትገባ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ናት። እሷን የያዘ ሰው የትም ቢሄድ ሥራ አይፈታም። በአውሮፓ የሥዕል ተማሪዎች ሳይነቃነቅ የሚቀመጥላቸው ሰው ለማግኘት ገንዘብ ይከፍላሉ አሉ። እኛ አንድ ጉዳይ ይዘን ወደ ቢሮ እንሄዳለን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባለ ባለጉዳይ ከአግዳሚ ወንበር ላይ አይነሣም፤ ተራው እንዳያልፈው አንገቱን እንኳ አያዞርም። ፊቱ ላይ ተስፋ፣ ጥርጣሬ፣ ረሃብና ትዕግሥት በየተራ ይመላለሳሉ። አጠገቡ ፋይል የታቀፉ እናት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ የሰቀሉ አዛውንት፣ እንቅልፍ የጣላት ተማሪ አሉ። ሠዓሊውም ራሱ ባለጉዳይ ስለሆነ ጊዜ አለው። እኔ የእጅ አጣጣልን የተማርኩት ከዚያ አግዳሚ ወንበር ነው። ሰው ፊቱን መቆጣጠር ይችላል፤ እጁን ግን ይረሳዋል፣ እጁም እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የለቅሶ ድንኳን ነው። በድፍረት እንዳይታይብኝ እንጂ፣ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ በዝምታ የሚቀመጥበት እንደ ድንኳን ያለ ቦታ አላውቅም። ደብተሩን ከጋቢዬ ሥር አድርጌ ቀስ ብዬ እነድፋለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ የተቀመጡ አባት ጎንበስ ቀና ማለቴን አስተውለው ኖሮ የእድር ቀሪ የምመዘግብ መሰላቸው። ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔንም ጻፈኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ቅጣት ፈርተው ነው። «መዝግቤዎታለሁ አባቴ» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ መዝግቤያቸዋለሁ፤ አንዱ ከነምርኩዛቸው።

ወደ ተቺዎች እንምጣ። ፕሊኒ ስለ አፔሌስ የሚያወራው ሌላም ነገር አለ። አፔሌስ ሥዕሉን ለመንገደኛ እይታ አውጥቶ ከኋላው ተደብቆ አስተያየት ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ በሥዕሉ ላይ ያለው ጫማ ጉድለት እንዳለበት ተናገረ፤ አፔሌስም አስተካከለ። በነጋታው ጫማ ሰፊው ምክሩ መሰማቱን ሲያይ ልቡ አብጦ ስለ ባቱ መተቸት ጀመረ። አፔሌስ ከተደበቀበት ብቅ ብሎ ከጫማው በላይ እንዳይወጣ አስጠነቀቀው ይባላል።

በእኛ ሰፈር ከሥዕል ጀርባ መደበቅ አያስፈልግም፤ አስተያየት በር አንኳኩቶ ይመጣል። ጎረቤታችን መካኒክ ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የሣልኩ ቀን ካርቶኑን አንሥቶ ብዙ አየና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና የፊት እግሯ ተዛብቷል፤ ጎማ ትበላለች» አለኝ። አስተካከልኩ። በሌላ ቀን መጥቶ ስለ መኪናዋ ምንም አላለም፤ ወደ ሰማዩ ጠቆመ። «ዳመናው አላማረኝም። እንዲህ ያለው ዳመና ከላይ ይቆለላል እንጂ ከሥሩ ልጥፍ ያለ ነው።» አፔሌስ ቢሆን በዱላ ያባርረው ነበር። እኔ ወጥቼ ወደ እንጦጦ በኩል ቀና አልኩ፤ የተቆለሉት ዳመናዎች ሁሉ ሆዳቸው ልጥፍ ያለ ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ የሚውል ሰው ስለ ሰማይ ይህን ያህል ማወቁ ገርሞኝ ቡና ጋበዝኩት። ጀበናውን ያነሣሁት ራሴ ነኝ።

ከሁሉ የከበደው ሒስ ግን የአማቴ ነው። አንድ ማለዳ ሶፋው ላይ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ስብከት ሲከታተሉ ከጎናቸው ሆኜ ሣልኳቸው። ሻሻቸው፣ አፍንጫቸው፣ አገጫቸው፣ ሁሉም ቁርጥ እሳቸውን ሆነ። በደስታ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«እማማ፣ በጎን ስለሆነ ነው፤ አይታይም።»

«ገባኝ።»

የገባቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ይሣላሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት አጋንንት፣ የጻድቃን ጠላቶችና ይሁዳ ናቸው። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው ያስቀደሱ ሴት ናቸው፤ ማን በየትኛው ወገን እንደተመደበ ለማወቅ አስረጂ አያሻቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «በል እንግዲህ፣ ሠላሳ ብሬን ስጠኝና ልሂድ» አሉኝ።

በነጋታው ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አድርጌ ሣልኳቸው። እሳቸውን አይመስልም። ሳሎን የተሰቀለው ግን እሱ ነው።

«እሺ፣ አንድ ጀበና ስንት ጊዜ ይሣላል?» የሚል ጥያቄም አለ። ሞኔ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ከቤቱ አጠገብ ያለ የጎረቤት ማሳ ላይ የቆመ የስንዴ ክምር 25 ጊዜ ያህል ሥሏል፤ በጠዋት ጭጋግ፣ በበረዶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይቀያይር ነበር። የእኛ ባላገር አጠገቡ ቆሞ ቢሆን ኖሮ «ይኼ ሰውዬ ሲያየው ከከረመ መቼ ነው የሚወቃው?» ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ የሩዋንን ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ ሣለ። በዚያ ሰሞን በኋላ ላገባት ሴት በጻፈው ደብዳቤ ካቴድራሉ በሕልሙ እንደተናደበት፣ ቀለሙም አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ሮዝ፣ አንዴ ቢጫ ይመስል እንደነበር ነግሯታል። ሌላ ሰው ሕንፃ ሲናድበት ሩጫውን ያስባል፤ እሱ ቀለሙን መዝግቦ ተነሣ። ጣሊያናዊው ሞራንዲ ደግሞ ቦሎኛ ከተማ ከእህቶቹ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ማሰሮዎች እያሰለፈ እ.ኤ.አ. በ1964 እስኪሞት ሣላቸው። አቧራ ሰፍሮባቸው ይቀመጡ ነበር። እኛ ቤት አቧራ የሰፈረበት ጠርሙስ ከቁርስ እስከ ምሳ አይቆይም። ሞራንዲ ሚስት አላገባም፤ ይህን ያልኩት እንዲያው ለመረጃ ነው።

ትልቅ ሥራ የሚያምራቸው ሰዎች «በዚህ ሁሉ ካርቶን ፋንታ አንድ ትልቅ ነገር አትሠራም?» ይላሉ። ትልቅ ነገርማ አፈወርቅ ተክሌ ሠርተዋል። በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱና በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ማዕድኑን ሌላ ሰው ይቆፍር። ስማቸው ከነማዕረጉ ሲጻፍ ለብቻው አንድ መስመር ይሞላል፤ አፔሌስ ቢያየው የቀኑን ግዴታ ተወጥተዋል ይላቸው ነበር። ግን እስከ 150 ካሬ ሜትር የሚያደርስ እጅ በአንድ ጀንበር አይበቅልም። አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስፈለገው፣ ሥዕል ከሰማይ ዱብ የሚል ሳይሆን ተቀምጦ የሚሠሩት ነገር ስለሆነ ነው። ስሜት እስኪመጣ ከጠበቁማ መዝጊያ ደወል ይደወላል።

ዕድገት መቼ ይታያል ለሚለው መልስ ያለው ጃፓናዊው ሆኩሳይ ዘንድ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣው የፉጂ ተራራ ሥዕሎች መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ቢሥልም ከ70 ዓመቱ በፊት የሠራው ሁሉ ከቁጥር የሚገባ እንዳልሆነ፣ በ73 ዓመቱ የእንስሳቱንና የእጽዋቱን አፈጣጠር ጥቂት እንደተረዳ፣ 110 ሲሞላው ግን የሚያሰምረው መስመርና የሚያኖረው ነጥብ ሁሉ ነፍስ እንደሚዘራ ጽፏል። ወደ 90 ሲጠጋ ሞተ። በዚህ ስሌት እኔ ገና አልተወለድኩም። ባለቤቴ ስሌቱን ሰምታ «እስከ 110 ድረስ ያንን ጠረጴዛ ልትይዘው ነው?» ብላ ጠየቀች።

እውነቱን ለመናገር ካርቶኖቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ዕድገትን መፈለግ ልብ ያደክማል። የአምናው ሎሚ ከዘንድሮው የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጋለው ምጣዱ ነውና መፈለግ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ አረንጓዴ ነው ብዬ ግማሽ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ቡቃያው ብርማ ሰማያዊ፣ ያረጀው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ፣ የተላጠው ግንዱ ሮዝ መሆኑን ከታክሲ መስኮት አያለሁ። ይህን ሳይ ደግሞ መውረጃዬ ያልፈኛል፤ «ወራጅ አለ!» የምለው ሌላ ሰፈር ደርሼ ነው። ዝናብ ያባራበት አስፋልት ላይ የተገለበጠ ሰማይ አለ። የታክሲ ረዳቱ በጣቶቹ መሀል የሰደራቸው የብር ኖቶች የተዋጣላቸው ቀለሞች ናቸው።

ሰውም እንደዚሁ ነው። ፊቱን ግማሽ ሰዓት በጽሞና ያዩትን ሰው መጥላት ይከብዳል። አለቃዬን በረዥም ስብሰባ መሀል ደብተሬ ላይ ነድፌዋለሁ፤ ማስታወሻ የምይዝ መስሎት በምስጋና ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጆሮው እንዲህ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር። ምን ያደርጋል፣ አይሰማበትም።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ትንሽ ካርቶን፣ አምስት ቀለም፣ ሁለት ብሩሽ ይበቃል። ሰዓቱን ቁረጡ፤ ሲያበቃ ብሩሹን አስቀምጡ፣ ያላለቀው ባላለቀበት ይቅር። የጠላችሁትን ሥዕል ወዲያው አትጣሉት፤ ወር ቆይቶ ሲያዩት የሚታረቅ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ለሰው አትናገሩ። ወሬው የወጣ ለታ አንድ ዘመድ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ፖስታው ውስጥ ብር የለም። ከመታወቂያ የተላጠች፣ ግማሽ ግንባሯ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈባት ጉርድ ፎቶግራፍ አለች።

«አባባ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በትልቁ አድርገህ ሣልልን። ማኅተሟን አጥፋት። ትንሽ ፈገግ ይበሉ፤ በሕይወት እያሉ እንኳ ብዙም አይሉም ነበር፣ ግን ይበሉ። ካባ ቢደርቡ ደግሞ ደስ ይለናል።»

«ለመቼ ነው?»

«ለሙት ዓመታቸው።»

«መቼ ነው ሙት ዓመታቸው?»

«ቅዳሜ።»

ዋጋ አይነሣም፤ ዘመዳሞች ነን። እምቢም አይባልም። ፎቶዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ደህና አድርጌ መረመርኳት። ማኅተሙ ግንባራቸውን ቢሸፍንም ሁለቱም ዓይኖቻቸው አሉ። ተቀበልኩ።